ሦስት ክንድ ባዶ

ግራዝ፣ ከሙር ወንዝ ዳር፣ ኅዳር ሊጋመስ፣
የመጋዝ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ሲታመስ፣
ትራም ስትነዳ ኖራ በሕመም ጡረታ የወጣች
አንዲት ሴት፣ በሁለት ጎማዋ ደፋችንን ተሻግራ መጣች።

«ቫልትራውድ እባላለሁ። ጠረጴዛ ላሠራ ነው።
በእኔ በኩል እግር አይኑረው፤ ጉልበቴን የሚገጨኝ እሱ ነው።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በገዛ ቤቴ ማዕድ፣
በጎን ተቀምጬ በላሁ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ።»

ቲሆሚር እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ ሳበ፤
ወረቀት ዘረጋ፤ ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበ፤
በአንድ በኩል ብረት ሣለ፤ በሌላው በኩል ምንም።
«ይኸ ምንም ነው» አለኝ፣ «የሚያስቸግር፤ ሌላው አያቅትም።»

እኔ በለመድኩት ለካሁ፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፤
ሦስት ክንድ ሆነ፣ ከብረቱ ጠርዝ እስከ ባዶው አፋፍ።
ቲሆሚር ሳቀ። ለካ በእሱም የሂሳብ መጽሐፍ
ሸክም ከመቆሚያው የራቀበት ርዝመት፣ ክንድ ተብሎ ነው የሚጻፍ።
ክንዱ ሲረዝም ቀላሉ ነገር ይከብዳል፤
ጫፉ ላይ የዘለለ ድመት፣ እዚህ ጋ ጥጃ ያህላል።

ደግሞ ጎረቤት አለ፣ ዘጠና ኪሎ፣ ቀልድ ሲሰማ የሚደገፍ፤
የልጅ ልጅ አለ፣ ከወንበር የጠረጴዛ ጫፍ የሚመርጥ ለማረፍ።
እነሱን ሁሉ ደመርን፤ ድምሩን በፍርሃታችን አባዛን፤
ሁለት መቶ ኪሎ ብረት ከሥር አስተኛን፣ ባላንጣ ሚዛን።

«እንጨት ብቻውን» ይላል ቲሆሚር፣ «አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ይጎብጣል፤
ሾርባ ይህን ያውቃል፤ ከሳህኑ በጫፉ በኩል ይወጣል።»
የኦኩን ጣውላ ገለበጥነው፤ ሆዱን ሰነጠቅን፤
ሁለት የብረት የጎድን አጥንት ደበቅን።
የብሎኖቹን ቀዳዳ ሞላላ አደረግሁ፤
ጣውላ በዝናብ ያብጣል፣ በምድጃ ሙቀት ይሰበሰባል፤
ከተቆረጠ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ግን ይተነፍሳል።

ጫፉ ላይ ሳምንት ሙሉ አሸዋ አሳደርንበት፤
ክር ወጥረን አየን። ከዚያ እኔ ራሴ ምሳዬን ይዤ ወጣሁበት፤
ዳቦዬን እያኘክሁ፣ እግሬን አየር ላይ እያወዛወዝሁ፣
ቁልቁል ክሩን ሳይ፣ የጎረስኩትን መዋጥ ረሳሁ።
አራት። አራት ሚሊ ሜትር ብቻ። «በቃ» አለ፣ «ይሄዳል።»

ሁለት ጉልበተኞች ጨምረን ወሰድነው።
የቤቷ ወለል የጥንት ነው፣ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል፤
የትራም ቲኬት የምትሳሳ ናስ ከሥሩ ስናስገባ ቀና ይላል።

መጣች። ጉልበቷ አለፈ፤ ጎማዋ አለፈ፤ የተጋጨ ነገር የለም።
ፊቷን ወደ ማዕዱ አቀናች፤ ለጊዜው ምንም አላለችም።
ከዚያ ሥዕሉ ላይ ያልነበረ፣ ማናችንም ያላሰብነው፦
ሁለት መዳፏን ጠርዙ ላይ ተከለች፤ ገላዋን ከወንበሩ ብድግ አደረገችው፤
ቀሚሷን ልታስተካክል ብቻ። ትንፋሻችንን ዋጥን።
ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ቀና አለ።
እኛ ግን እንዳጎነበስን ቀረን።

«ተነቃነቀ» አለች።
ቲሆሚር ቀላ፤ እጁ ወደ ጆሮው፣ ወደ እርሳሱ ሄደ።
«ተወው። የእኔም ትራም፣ ሰው ሲሳፈርበት፣ እንዲሁ ዝቅ ይል ነበር።
ቁጭ በሉ፤ ሾርባ አለ።»

ቁጭ አልን፤ አራታችንም በብረቱ በኩል፣ ከቋሚው ጋር እየተጋጨን፤
እግራችንን የምናስገባበት አጣን።
በጎን ዞር ብለን ተቀመጥን፤ እሷ ከማዶ ትጨልፋለች፣
ሳህኖቹን አንድ በአንድ በባዶው ላይ ወደ እኛ ትገፋለች።